ሰዓቱ የጠፋበት አባት

ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ፍሎሪያን ዜለር «አባት» የተሰኘው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በፓሪስ ለመድረክ በቃ፡፡ በ2020 ደግሞ ራሱ አዘጋጅቶ በፊልም አቀረበው፡፡ በፊልሙ አባትን ሆኖ የተጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ በ2021፣ በ83 ዓመት ዕድሜው፣ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፡፡ ይሁን እንጂ ከሽልማቱ ይልቅ ልንመረምረው የሚገባን የድርሰቱን አሠራር ነው፡፡

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው፡፡ በለንደን የሚኖር አንድ ሽማግሌ የማስታወስ ችሎታው ይከዳዋል፡፡ ልጁ አን አስታማሚ ብትቀጥርለት «ሰዓቴን ሰረቀችኝ» ብሎ ያባርራታል፤ ሰዓቱን የሸሸገው ግን ራሱ ነው፡፡ ዜለር ሕመምተኛውን ከውጭ አሳይቶ እንድናዝንለት ብቻ አልፈለገም፤ ተመልካቹን ከሽማግሌው አእምሮ ውስጥ ያስገባዋል፡፡ ልጁ በሌላ ተዋናይት ፊት ትመጣለች፤ የማይታወቅ ሰው ሳሎን ተቀምጦ «የምኖረው እዚህ ነው» ይላል፤ በመድረኩም የቤቱ ዕቃ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት እየተመናመነ ይሄዳል፡፡ እንግዲህ ማንን እንደሚያምን የሚቸገረው አባትየው ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም ጭምር ነው፡፡ ቅርጽና ይዘት የተዋሐዱት ከዚህ ላይ ነው፡፡

ከሁሉ ጠልቆ የሚሰማው ትዕይንት ጩኸት የለበትም፡፡ አባት ሹራቡን መልበስ ያቅተዋል፤ ልጅ ታለብሰዋለች፡፡ ሰው በራሱ ላይ ያለውን ሥልጣን በአንድ ቀን አያጣም፤ ዛሬ ሰዓቱን፣ ነገ ቤቱን፣ ከነገ ወዲያ እጅጌውን ማግኘት ያቅተዋል፡፡

ሥራው ጉድለት አለው፡፡ አስታማሚዎቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ድካማቸውና ሌሊታቸው ግን አይታይም፡፡ አባትን ወደ መጦሪያ ቤት ስለማስገባት ክርክሩን እንሰማለን፤ አን የወሰነችበትን ሰዓት ግን አናይም፡፡ «ነገሩ የሚታየው በአባትየው ዓይን ስለሆነ ነው» ቢባል መልሱ አያጠግብም፤ በፊልሙ አን ብቻዋን የምትታይባቸው ትዕይንቶች አሉና፡፡ ለሌላው ሰው ሕይወት የመወሰን መብት መቼ ይጀምራል? ከባዱ ጥያቄ ይኸው ነበር፡፡

ከእኛ ተመልካች መካከል «የኛ ልጅ አባቱን ይጦራል እንጂ ለባዕድ አይሰጥም» ብሎ በአን ላይ የሚፈርድ አይጠፋም፡፡ ነገር ግን መጦር ማብላትና ማልበስ ብቻ ከሆነ አንም ጦራለች፡፡ የተጧሪው ክብር በተሞላ ሌማት አይለካም፤ ቃሉ በቤቱ እስከ መቼ ይሰማል የሚለው ጥያቄ በእኛም ጓዳ አለ፡፡ በዚህ ጉዳይ ብዕሩን የሚያነሣ ጸሐፌ ተውኔታችን የሚያለብሰውን እጅና የሚለብሰውን ትከሻ እኩል ያሳየን፡፡