የስልኩ ስክሪን ረዘመ እንጂ አልሰፋም

ሰሞኑን ባለ ትልቅ ስክሪን ስልክ ገዝቼ ሳገላብጠው ሰነበትኩ። ከጥግ እስከ ጥግ 6.7 ኢንች ነው። ለንባብስ እሰየው! እዚህ ሴንቴኒያል ተቀምጬ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ሳነብ የ«ቡ»ን ቅጥያ ከ«ቢ» ለመለየት ዓይኔን ማጥበብ ቀርቶልኛል።

ወደ መጻፉ ስመጣ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ምክንያቱን በስሌት እንየው። ሳምሰንግ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጋላክሲ ኖት 5.3 ኢንች ነበር፤ ያኔ ግዙፍ ነው ተብሎ ተስቆበታል። የስክሪኑ ቁመትና ወርድ 16 ለ10 ስለነበር ወርዱ 7.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእኔው አዲስ ስልክ ደግሞ 19.5 ለ9 ነውና ወርዱ ሲሰላ ያው 7.1 ነው! የተጨመረው 4 ሴንቲ ሜትር በሙሉ የሄደው ወደ ቁመቱ ነው። የፊደል ገበታው የሚዘረጋው ግን በወርዱ ነው።

በአንድ መስመር የሚደረደሩት ቁልፎች አሥር ያህል ናቸው፤ የላቲን ፊደል በሦስት መስመር ያልቃል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ አብዛኞቹ ከሌላው ፊደል ጀርባ ተደብቀው ጣት እስኪጎረጉራቸው ይጠብቃሉ። የኮድ እጦት ነው እንዳንል፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ወገን ምን ያደርጋል? አንዱ አማርኛውን በላቲን ይጽፋል። ሌላው፣ በተለይ አውሮራ ያሉ እናቶቻችን፣ ድምፅ ቀድተው አዲስ አበባ ላሉ እህቶቻቸው ይልካሉ። ድምፁ ናፍቆት ያስታግሳል፤ ከዓመት በኋላ ግን ያቺን የመድኃኒት ስም ወይም ያን የልደት ቀን ከዚያ ሁሉ ቅጂ መሃል ማን ፈልጎ ያገኛታል?