ስንት ጆግ?

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ጓሮ አትክልት መጽሔታችን ሲመደቡ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ፖለቲካ፣ ካልሆነም ስፖርት ሲጠብቁ ቆስጣና ቀይ ስር ይደርሳቸዋል። አንዱማ ፊት ለፊት፣ «ጋሼ፣ እዚህ ምን ዜና አለ?» ብሎኛል። አልተቀየምኩትም። ሲማር የከረመው መግለጫ መዘገብ ነው፤ ጎመን ደግሞ መግለጫ አይሰጥም።

እኔ ግን ጥሩ ዘጋቢ የሚወጣው ከጓሮ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱ አንባቢው ነው። የስብሰባ ዜና ያነበበ ሰው ገጹን ገልጦ ያልፋል። የእኛ አንባቢ ያነበበውን ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብሎ በእጁ ይሠራዋል። «በቂ ውሃ ያጠጡ» ብለን ከጻፍን አንዱ ባልዲ ሙሉ ይደፋበታል፣ ሌላው በስኒ ያርከፈክፋል፤ ችግኙ በአንዱ ይበሰብሳል፣ በሌላው ይደርቃል። ስለዚህ የልምምዱ የመጀመሪያ ሥራ «በቂ»፣ «ተገቢ» እና «አስፈላጊ» ከሚሉ ቃላት ጋር መጣላት ነው። ስንት ጆግ? በየስንት ቀኑ? ጠዋት ነው ማታ? የተጠየቀው ሰው ካላወቀ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ልጆቹ መጀመሪያ የሚደውሉት ለቢሮ ኃላፊ ነው። እኔ መንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጡት እልካቸዋለሁ። አንዲት ተለማማጅ ስለ አቮካዶ ልትጽፍ ሄዳ፣ «እትዬ፣ ሰው ገዝቶ ከወሰደ በኋላ ለምን ይደርቅበታል?» ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ ወሬ አላበዙም። አንድ የቆየ ችግኝ አንስተው ላስቲኩን በምላጭ ቀደዱላት። ሥሩ መውጫ አጥቶ ታችኛው ጫፍ ላይ እንደ ልቃቂት ተጠምጥሟል። «ከነላስቲኩ ይቀብሩታል፣ ልጄ። ላስቲኩን ያወለቀው ደግሞ አፈሩን አራግፎ ሥሩን ይበጥሰዋል።»

ይህን ሁሉ ጽፋ አምጥታልኝ ነበር፤ ችግሩ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ መሆኑ ነው። ከላይ ያለው በሙሉ «ባለድርሻ አካላት» እና «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነበር። አምስቱን አንቀጽ ሰርዤ ጽሑፉን ከምላጩ አስጀመርኩት። ትንሽ አኩርፋለች መሰለኝ።

ሌላው ጣጣ ቦታ ነው። «አዲስ አበባ ውስጥ ቲማቲም መቼ ይተከላል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። ከአቃቂ ተነስቶ እንጦጦ አናት ድረስ ከፍታው 1,000 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በዚህ ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አቃቂ የቀላው ቲማቲም ከሽሮ ሜዳ በላይ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ የቲማቲሙንም የድንቹንም ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ምክር የሰጠን ሰው ጓሮው የት እንደሆነና ወሩ መቼ እንደነበር ያልተጻፈበት ማስታወሻ እኔ ዘንድ አያልፍም።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ምሳሌ አነሳላቸዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ለዜና ክፍል ታሪኩ በዚያው ምሽት ተዘጋ። ለጓሮ ዘጋቢ ግን ሐምሌ ቀላሉ ወር ነው፤ ዝናቡ ራሱ ያጠጣል። የእኛ ጥያቄ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራና መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው፤ ማን ውሃ አመላለሰ፣ ከብትስ ማን ከለከለ? ተማሪዎቹ የተተከለበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ተመልሰው የሚያዩበትንም ቀን ማስታወሻቸው ላይ እንዲጽፉ አደርጋለሁ።

ስለ ፎቶ ብዙ አልልም። ሁሉም የሚያነሳው አበባ ነው። ክሽክሽ ግን የሚደበቀው ከጎመኑ ቅጠል ሥር ነው፤ አንባቢውም ማየት የሚፈልገው እሱን ነው። ጎንበስ ብሎ ቅጠል መገልበጥ ያስፈልጋል።

ለልምምድ መምጣት የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ማስታወሻ ደብተርና ጭቃ የማይፈራ ጫማ ይዛችሁ ኑ። የምንከፍለው የትራንስፖርት ብቻ ነው።