ለሠራተኞች የሚሰጥ የአክሲዮን መግዣ መብትና የሒሳብ አመዘጋገቡ፤ አጭር ሂስ

አንዳንድ የአክሲዮን ማኅበሮች ለሥራ አስኪያጆቻቸውና ለሠራተኞቻቸው ከደሞዝ ሌላ አንድ መብት ይሰጣሉ። ይኸውም ለተወሰነ ዓመት ካገለገሉ በኋላ የማኅበሩን አክሲዮን ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ዋጋው ከፍ ካለ ባለ መብቱ በርካሽ ገዝቶ ያተርፋል፤ ዝቅ ካለ ይተወዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መብቱ በመዝገብ ወጪ ተብሎ መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ክርክር መመርመርና ዓለም አቀፉ ደንብ ለአገራችን የሚጎድለውን ማመልከት ነው።

ክርክሩ በሰፊው የተካሄደው በአሜሪካ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የወጣው ደንብ መብቱን የሚለካው በተሰጠበት ቀን በነበረው የዋጋ ልዩነት ብቻ ነበር። የመግዣው ዋጋ ከዕለቱ ዋጋ ጋር እኩል ከተደረገ ልዩነቱ ዜሮ ስለሚሆን፣ ወጪውም ዜሮ ተብሎ ያልፍ ነበር። የሒሳብ ደንብ አውጪዎቹ ይህን ለማረም ቢነሡ፣ የአገሪቱ ሴኔት በ1994 በ88 ድምፅ ለ9 ተቃወማቸው። ስለዚህ በ1995 የወጣው ደንብ ወጪውን በማብራሪያ መግለጽን ብቻ አስገደደ። ኤንሮንና ወርልድኮም ከወደቁ በኋላ ግን በ2004 ወጪው በትርፍና ኪሳራ መግለጫ እንዲገባ ታዘዘ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 2 ተመሳሳይ ድንጋጌ ይዞ ወጣ።

የተቃዋሚዎቹ ዋና ምክንያት «ከሣጥን የወጣ ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ይህን በምሳሌ እንመልከተው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የምታመላልስ፣ 400,000 ብር የምታወጣ የሞተር ጀልባ ሁለት ወንድማማቾች አሏቸው እንበል። ለነጂው ደሞዝ መጨመር ስላልቻሉ «ሦስት ዓመት ብታገለግለን የጀልባዋን ሩብ በዛሬው ዋጋ በ100,000 ብር ትገዛለህ» አሉት። ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ጀልባዋ 600,000 ብር አወጣች። ነጂውም 150,000 ብር የሚያወጣውን ሩብ በ100,000 ብር ገዛ። ከሣጥኑ በእርግጥ አንድ ብር አልወጣም፤ ከወንድማማቾቹ ሀብት ግን 50,000 ብር ወጥቷል። የወጣውም ለነጂው ድካም ዋጋ ነው። የድካም ዋጋ ደግሞ ደሞዝ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

የአገራችን ሕግም ይህንኑ ሐሳብ ይደግፋል። በንግድ ሕጋችን መሠረት አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ቅድሚያ የመግዛት መብት የነባር ባለ አክሲዮኖች ነው። እንግዲህ ለሠራተኛ የሚሰጠው መብት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከእነርሱ እጅ የተነሣ ነው። ዐማራ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ ባለ አክሲዮኖች ነበሩት። እንዲህ ባለ ማኅበር ጥቂት አክሲዮን የያዘ መምህር ወይም ነጋዴ በዳይሬክተሮች ቦርድ አይቀመጥም፤ መብቱን የሚጠብቅለት የዓመቱ ሒሳብ መግለጫ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ያልተጻፈውን ሊያውቅ አይችልም።

አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን የሒሳብ ደረጃ በአገራችን ስላጸና፣ ቁጥር 2ም በእኛ ላይ ይሠራል። ደንቡ መብቱ በተሰጠበት ቀን ዋጋው እንዲገመትና በአገልግሎቱ ዘመን እንዲከፋፈል ያዝዛል። የነጂው መብት በመጀመሪያው ቀን 30,000 ብር ከተገመተ፣ በየዓመቱ 10,000 ብር ለደሞዝ ወጪ ይጻፍና ያው ገንዘብ በካፒታል ሒሳብ ይመዘገባል። ኋላ ጥቅሙ 50,000 ብር ቢደርስም ግምቱ አይለወጥም።

ሂሳችን እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ግምት የሚያገለግሉት እንደ ብላክና ሾልስ ቀመር ያሉት ዘዴዎች የአክሲዮኑን ዋጋ መዋዠቅ ማወቅን ይጠይቃሉ። መዋዠቁ የሚታወቀው ደግሞ ከረጅም ጊዜ የገበያ መዝገብ ነው። በአዲስ አበባ የነበረው የአክሲዮን መገበያያ ከአብዮቱ ጋር ተዘግቶ፣ አዲሱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ አገር ከቀመር የሚወጣ ቁጥር የእርግጠኝነት መልክ የለበሰ ግምት እንዳይሆን ያሠጋል።

ደንቡ ግምቱ ፈጽሞ የማይታመን ሲሆን፣ «አልፎ አልፎ» ብቻ፣ ሌላ መንገድ ይፈቅዳል። ይህም በየዓመቱ መጨረሻ የአክሲዮኑን ዋጋ ከመግዣው ዋጋ ጋር እያስተያዩ ልዩነቱን መመዝገብ ነው። ጀልባዋ በመጀመሪያው ዓመት 460,000፣ በሁለተኛው 520,000፣ በሦስተኛው 600,000 ብር ብታወጣ፣ ወጪው በተከታታይ 5,000፣ 15,000 እና 30,000 ብር ይሆናል። ድምሩ በእውነት የተሰጠውን 50,000 ብር ያህላል። ይህ ከ1972ቱ ደንብ የሚለየው ልኬቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ ስለማይቀር ነው። ለአውሮፓ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ችግር ለእኛ የዘወትር ስለሆነ፣ አክሲዮናቸው በገበያ ለማይሸጥ ማኅበሮች ይህ መንገድ በግልጽ ሊፈቀድ ይገባል። ዋጋውም ከቅርብ ጊዜ ሽያጭ፣ ይህ ከሌለ ዕዳ ከተቀነሰለት ንብረት ተወስዶ፣ አወሳሰኑ በማብራሪያ ይገለጽ።

መለካት አስቸጋሪ ነው ተብሎ ምንም አለመጻፍ ግን መፍትሔ አይሆንም። ዜሮም ራሱ ግምት ነው፤ ከግምቶችም ሁሉ ስሕተት መሆኑ አስቀድሞ የታወቀው እርሱ ነው። የሕንፃና የመኪና እርጅና ተገምቶ በየዓመቱ ሲጻፍ ያልተቃወመ የሒሳብ ሰው፣ የሰው ድካም ዋጋ ሲገመት ሊቃወም አይገባውም።