የማዳመጥ ፈተና ልምምድ፤ ነጥብ መቁጠር ወይስ ጆሮን ማስተማር?

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የተጀመረው አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በማዳመጥ ክፍሉ 40 ጥያቄዎች አሉት። ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ፊደሉ የተሳሳተ መልስም ነጥብ አያገኝም። የውጭ አገር ትምህርት ዕድል በዚህ ውጤት ሊቀር ስለሚችል ብዙ ጓደኞቻችን የልምምድ ፈተና በፈተና ላይ እየደራረቡ ትክክሉን ይቈጥራሉ።

ይህ ዘዴ ከጥያቄው ዓይነትና ከሰዓቱ ጋር እንደሚያለማምድ አይካድም። ነገር ግን ጆሮ የሳተበትን ምክንያት አያሳይም። በአማርኛ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ጆሯችን የለመደው ይህን ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ፊፍቲን»ን ከ«ፊፍቲ» ለመለየት ድምፅ የሚከብድበትን ቦታ መከተል ያስፈልጋል፤ እንደ «ኦቭ» ያሉ ትንንሽ ቃላትም በፈጣን ንግግር ይዋጣሉ።

ስለዚህ ተማሪው ፈተናውን ከጨረሰ በኋላ የሳተበትን ዐረፍተ ነገር መልሶ ይስማ፤ የሰማውንም ቃል በቃል ይጻፍ፤ ቀጥሎም ከታተመው ንግግር ጋር ያስተያይ። እውነተኛው ትምህርት የሚገኘው በሁለቱ ልዩነት ውስጥ ነው። ዐሥር ፈተና ሠርቶ ነጥብ ከመቍጠር አንዱን እንዲህ መመርመር ይበልጣል።