የመንገድ መሪ መሣሪያና የፋይል ስም፤ ስለ ማይክሮሶፍትና ቶምቶም ክርክር

በመኪና ውስጥ ሆኖ ለነጂው መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ የብዙ ሰዎች አሳብ ድምር ነው። ስለዚህ የፈጠራው ባለመብት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዘወትር ክርክር ያስነሣል። እኛም ከእነዚህ ክርክሮች አንዱን መርጠን ልንመረምር አስበናል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 2009 ዓ.ም. የአሜሪካው ማይክሮሶፍት የሆላንዱን ኩባንያ ቶምቶምን ከሰሰ። የክሱ መሠረት 8 ፓተንቶች ሲሆኑ፥ 5ቱ የመኪና ኮምፒዩተርንና የመንገድ ምሪትን፥ 3ቱ የፋይል አቀማመጥን የሚመለከቱ ነበሩ። ቶምቶምም በማርች ወር በ4 ፓተንቶች መልሶ ከሰሰ። ነገር ግን ፍርድ ሳይሰጥ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ታረቁ። ቶምቶም ገንዘብ ሊከፍል፥ ከፋይሉ ፓተንቶች ሁለቱን የሚነካውን አሠራርም በ2 ዓመት ውስጥ ከመሣሪያው ሊያወጣ ተስማማ። የገንዘቡ ልክ ለሕዝብ አልተገለጠም።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከመሣሪያው እንዲወጣ የተፈረደበት ያህል የሆነው አሠራር መንገድ ከማሳየት ጋር ግንኙነት የለውም። ቀድሞ የፋይል ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ አያልፍም ነበር፤ ፓተንቱ ረጅሙን ስም ከአጭሩ ጋር አብሮ የማስቀመጥ ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ ተፈላጊ ያደረገው የብልሃቱ ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ የዓለም ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የሚያነቡት በዚያ ሥርዓት የተጻፈ ፋይል መሆኑ ነው እንጂ። እንግዲህ ዋጋው የተገኘው ከፈጠራው ነው ወይስ ከገበያው ስፋት? ፍርድ ቤት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር።

ጥያቄውም ከንቱ አልነበረም። በጀርመን አገር የተመዘገበውን ተመሳሳይ ፓተንት የፓተንት ፍርድ ቤት በ2007 ሻረው፤ የበላዩ ፍርድ ቤት በ2010 ያንን ውሳኔ ገለበጠው፤ በ2013 ደግሞ ፓተንቱ እንደ ገና ተሻረ። ዳኞች ይህን ያህል የተለያዩበት ነገር በአሜሪካ በአንድ ወር ድርድር ተዘጋ።

«እርቅ ደም ያደርቅ» ይባላል፤ ቶምቶምም ረጅም ሙግት ከሚያከስረው ቢታረቅ አንነቅፈውም። ነገር ግን ፓተንት የሁለት ጎረቤቶች የድንበር ጠብ አይደለም። መንግሥት ለፈጣሪው ለተወሰነ ዘመን ብቸኛ መብት የሚሰጠው፥ እርሱም በፈንታው ፈጠራውን ለሕዝብ እንዲገልጥ ነው። በግልጥነት የተገዛ መብት በምስጢር ዋጋ ሲሸጥ የውሉ ሦስተኛ ወገን የሆነው ሕዝብ ይረሳል፤ ነገ መሣሪያ የሚሠራው ትንሽ ኩባንያም ድንበሩ የት እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ እርቁ ይጽና፤ ነገር ግን ተከራካሪዎች ቢታረቁም እንኳ የፓተንቱን ብቃት መርምሮ ለሕዝብ የሚያስታውቅ አካል ሊኖር ይገባል እንላለን።