ቡናማው ቀለምና የእኛ ሒስ

ባለፈው እትማችን ስለ አንድ የጉለሌ ሠዓሊ የጻፍነውን ጓደኞቻችን ሳያስታውሱት አይቀሩም። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ስለሚያሳዩ አራት የዘይት ቅብ ሥዕሎች ነበር ነገሩ። በሥዕሎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተንሰራፋውን ቡናማ ቀለም «የአገር ሐዘን ምሳሌ» አልነው። ሠዓሊው ለቱሪስት ዕቃ መሸጫ መላእክት እየሣሉ እንደሚያስረክቡ ስለ ሰማንም «ብሩሻቸውን ለሁለት ሰንጥቀውታል» ብለን ጨመርን። አባባሏ አምራን ነበር። ጉዱ ግን ከመካከላችን ሥዕሎቹ የተሣሉበትን ቤት ደጃፍ የረገጠ አንድም ሰው አልነበረም። ያየናቸው አልቀው፣ ተሰቅለው ነው።

ጽሑፉ እጃቸው ገባ። ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ «እስቲ ኑና ቡናማውን ላሳያችሁ» ብለው ላኩብን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልን እንቀጥላለን።

ቤታቸው ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ የሽሮ ሜዳን የሸማ ሱቆች አልፎ፣ ኮረኮንቹን ይዞ ነው። እኛ «ስቱዲዮ» ብለን የጻፍነው ድሮ ማድ ቤት የነበረ ክፍል ነው፤ ጥላሸቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ከጣራው አንድ ቆርቆሮ ተነሥቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተተክቷል። ዝናብ ሲጥል ሥዕሉን ወደ ጥግ መግፋት የልጃቸው ሥራ ነው።

ጋሼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲገቡ ብሩሽ ከማንሣታቸው በፊት የትናንቱን ቀለም በትንሽ ጣታቸው ጀርባ ይነኩታል። ከተጣበቀ ያ ሥዕል ለዛሬ ቀረ ማለት ነው፤ ሌላ ይነሣል። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ቀለሙን የያዘው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው ቀስ በቀስ የሚጠነክረው። ቅዝቃዜና ጨለማ ያዘገዩታል፤ ለዚያውም በጨለማ የቆየ ዘይት ይወይባል። እንግዲህ እንጦጦ ሥር የተወሸቀውን የጉለሌን ክረምት አስቡት። ጋሼ እንደ ነገሩን በጥር በአራት ቀን የሚደርቅላቸው በነሐሴ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ቡናማው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። አምበር የሚባለው የአፈር ቀለም በውስጡ ማንጋኒዝ አለው፤ ማንጋኒዝ ደግሞ የዘይቱን መድረቅ ያፋጥናል። ሌሎቹ ቀለሞች ሲለግሙ አምበር ቶሎ ይጠነክራል፤ በላዩም ሌላ መደረብ ይቻላል።

«ሐዘን አላችሁት?» አሉን ቱቦውን እያሳዩን። «ይኼ እኮ የሚደርቅልኝ እሱ ስለሆነ ነው። ዋጋውም ይቻላል። ካድሚየም ቀዩን ከውጭ ዘመድ ካላመጣልኝ በምን አቅሜ?»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ከሰዓት በኋላ የሚሠሩትን ማንም ሥነ ጥበብ አይለውም። አቡጀዲ ከመርካቶ ገዝቶ ማምጣት፣ መወጠር፣ ኮላ መቀባት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ነጩን መደብ ደጋግሞ መደረብ። ኮላው ከተዘለለ ዘይቱ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ከጊዜ በኋላ ያበሰብሰዋል። ለመወጠሪያው ባሕር ዛፍ ርካሽ ነበር፤ ግን ይጠማዘዛል፤ ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ የበር ቴላዮ ሲገኝ ጋሼ ይሻማሉ። አንድ ጊዜማ ዘይት ሲጠፋ ከእትዬ ጓዳ የጾሙን ተልባ ወስደው ለመጭመቅ ሞክረዋል። ተልባው የተቆላ ነበርና የተቀባው ሥዕል እስከ ወሩ ድረስ ዝንብ ሲይዝ ከረመ። ይህን የነገሩን እትዬ ናቸው፤ ቂሙ ገና አልለቀቃቸውም።

መላእክቱ የማታ ሥራ ናቸው። እኛ የጠዋቱን ብርሃን ለገበያው እየሰጡ የተረፈውን ለሴቶቹ የሚያውሉ መስሎን ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «መልአክ በአምፑልም ይሣላል፤ ዓይኑን በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉን። ሱቁ የሚከፍላቸው ሥዕሉ ሲሸጥ ብቻ ነው። በዚያች ገንዘብ አኳራጅ ይገዛል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል።

በዚህ ላይ እኛ ሒስ ጸሐፊዎች የምንረሳው ነገር አለ። ስድስት ኪሎ ባለውና እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች ደጋግመን አይተናል። «ጎልጎታ» ፊት ቆመን ስለ ቀዩ ቀለም ያልተናገርነው የለም። ሥዕሉ በሀርድቦርድ ላይ መሠራቱን የሚናገረውን ጽሑፍ ግን ዘለልነው። ሀርድቦርድ እንደ አቡጀዲ አይረግብም፤ የሚጫንበትን ወፍራም ቀለም ይሸከማል። ገብረ ክርስቶስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መምህር ነበር። የጉሊት ሴቶችን በረጃጅሙ እንደ ዓምድ የሚያቆመው ታደሰ መስፍንም በዚያው ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ደመወዝ ሥዕል አይሥልም፤ ያልደረቀ ሥዕል እስኪደርቅ ለመጠበቅ ግን ያስችላል። ጋሼን የሚያስጠብቋቸው መላእክቱ ናቸው። ዘንድሮ ከሥዕል ክፍል የሚመረቁት ጓደኞቻችንም ስንቶቹ የማስተማር ቦታ እንደሚያገኙ እንጃ።

ስለዚህ «ብሩሻቸውን ሰንጥቀውታል» ያልነውን አንሥተናል። ስለ «አገር ሐዘን» ግን ወደ ስድስት ኪሎ ስንወርድ ተጨቃጨቅን። አንደኛችን «ምክንያቱ ዋጋ ቢሆንስ? ያ ቀለም ዓይናችን ውስጥ ሲገባ ያሳዝናል፤ አለቀ» አለ። ቢባል ቢባል አልተስማማንም። የአብዛኞቻችን አቋም ይህ ነው፦ በሥዕሉ ያዘንነው እኛ ነን፤ ያንን ጽፈን ማቆም ስንችል ሐዘኑን በሠዓሊው አፍ አስገባን።

ይህ ማለት ሥዕሎቹ ነቀፋ የለባቸውም ማለት አይደለም። ለጋሼ እዚያው ፊት ለፊት የነገርናቸውን እዚህም እንደግመዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥዕሎች ሴቶቹ የሚታዩት ከጀርባ ነው። ሸክም የያዘችን ሴት ፊትሽን ላጥና ብሎ ማስቆም ነውር ሆኖባቸው፣ በደጃፋቸው ካለፉ በኋላ ነው የሚያዩዋቸው። ይህ ይሉኝታ ለሥዕሎቹ ጠቅሟል። ጎንበስ ያለው ወገብ፣ ከጭራሮው ሥር የወጣው ተረከዝ፣ የገመዱ አጠባበቅ ሁሉ የታየ ነገር ነው። በተለይ ሦስተኛው ላይ ሸክሙ የሴቲቱን ራስ ፈጽሞ ውጦት፣ ሁለት እግር ያበቀለ ቅጠል ቁልቁል የሚወርድ ይመስላል። በዚህ ዓመት ካየናቸው ሥራዎች ከዚያ የሚበልጥብን የለም።

አራተኛው ላይ ሴቲቱ ዞራ ታየናለች። ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ክብ፣ ድካም ያልነካቸው ናቸው። እነዚህን ዓይኖች እናውቃቸዋለን፤ ሱቁ ውስጥ በመላእክቱ ፊት ላይ አይተናቸዋል። የማታው እጅ ጠዋት ገብቷል። ሰማዩም ያለ ምክንያት አምበር ነው። ማድረቂያ ሆኖ የገባው ቀለም ልማድ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ስንል ጋሼ ዝም አሉ። እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው «እኔም ነግሬዎታለሁ፤ ይቺ ሴትዮ እንጨት ተሸክማ አታውቅም» አሉ። እሳቸው ከእንጦጦ ሥር ነው ያደጉት።

ይህ ጽሑፍ ለማባዛት ከመሰጠቱ በፊት አንዳችን በዚያ በኩል አልፎ ነበር። ጋሼ የሴቲቱን ፊት በቢላዋ ፍቀውታል፤ የቀረው ባዶ አቡጀዲና ትንሽ ቡናማ ነው። አዲሱን ለመጀመር ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቁ ናቸው። ነጩ ቀለምም አልቆባቸዋል።