የስለት ልጅና መጽሐፍ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዘወትር የሚወሳው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። እኔ ግን መጽሐፉ ሌላም ቁም ነገር የያዘ ይመስለኛል፤ ይኸውም ቤተ ሰብ ልጁን ከፊደል ጋር የሚያስተዋውቅበት መንገድ ነው።

ታሪኩ የሚነሣው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለችው ከማንኩሳ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ በሕይወት እንዲቆይላቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ስለዚህም ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተሰጠ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ወጣው። ነገር ግን ትምህርቱ ከስለቱ ጋር ስለ ታሰረ፣ ዕውቀቱ ሀብትም ዕዳም ሆነበት። ወላጆቹ ይህን ያደረጉት ልጃቸውን ስለ ወደዱ ነውና አንባቢ ሲፈርድባቸው ልቡ ያዝንላቸዋል። የደራሲው ብልኀት እዚህ ላይ ይታያል።

በዛብህ ዲማ ገብቶ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ሲጀምር ግን ያው ፊደል ደስታ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰዎች ባንድ መጽሐፍ ፊት አብረው ተቀምጠዋል።

ይህንኑ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ባሉ ቤቶች እናገኘዋለን። ባንዱ ቤት ዳዊቱ በማኅደሩ እንዳለ ከግድግዳ ተሰቅሎ ይከበራል፤ ልጁ ግን «እንዳትነካ!» ይባላል። በሌላው ቤት አባት ወደ እርሻው ከመውጣቱ በፊት አውርዶ ይደግማል፤ ልጁም ፊደሉን ሳይለይ ዜማውን ይለምደዋል። ማንበብ የማትችል እናትም ብትሆን ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ስትል፣ ልጆቿም «ምን አውቅልሽ» ሲሉ፣ ቃል መመርመርን ታስተምራቸዋለች። ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እስቲ አንብብልኝ» ብላ ጆሮዋን ከሰጠችው፣ ከመምህሩ ያላነሰ ሥራ ሠርታለች።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ልጅ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ይሣቅበታል። ያ ልጅ ሁለተኛ ወረቀቱን ለሰው አያሳይም፤ ውሎ አድሮም መጻፉን ይተወዋል።

በዘመናችንም ስለት አልቀረም። ብዙ ወላጅ ልጁን ገና በጧቱ ለሐኪምነት ወይም ለመሐንዲስነት ይሳለዋል፤ መጽሐፍ የሚገዛለትም ለፈተና ብቻ ነው። ፈተናው ሲያልፍ መጽሐፉም ይጣላል። ልጁ ይማር መባሉን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ብቻውን ከመጽሐፍ ጋር መተዉን ነው።

አንተ ወጣት አንባቢ፣ አንቺም እኅቴ፣ ቤታችሁ መጽሐፍ የማይነበብበት ቤት ከሆነ ወላጆቻችሁን አትውቀሱ፤ እነሱም ያገኙትን ነው ያወረሷችሁ። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ታናናሾቻችሁን አስቀምጡና አንድ ገጽ አንብቡላቸው። ነገ ደግሞ እነሱ ያንብቡ፤ እናንተም ሳትሥቁ አዳምጧቸው።